ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ቀለቡ ይሰፈር

ጎበዝ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ምርጫም ስለ ምንዛሪም አንጽፍም። የዛሬው ወጋችን ቁመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን በቅጡ ስለማይሞላ ፍጥረታትና በእነሱ እጦት እኛው ቤት ውስጥ በረሃብ ስለሞተ አንድ ዓሣ ነው። «ሰው በሚራብበት ዓለም ለዓሣ ታለቅሳላችሁ?» የምትሉን እንደማትጠፉ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ይህንን ዓሣ ግን ገዝተን ያመጣነውም ያስራብነውም እኛ ስለሆንን ዝም ማለት አልሆነልንም።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አፓርታማ ተጋርተን የምንኖር ሦስት ሴቶች ነን (ጋዜጠኝነት የተማረችው ትጽፋለች፣ ሁለቱ ያርማሉ፤ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው ብለን ተስማምተናል)። አንድ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር 110 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየሙን ከነመብራቱ፣ ከነፓምፑና ከነድንጋዩ በርካሽ ሸጠልን። ድንጋዩ ከባሕር የመጣ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ወይን ጠጅ ቀለም የለበሰ ነበር። እኛም ባለሙያ ሴቶች ነንና በቧንቧ ውሃ ፈትገን አጥበን፣ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን አድርቀን አስገባነው። እንደ ጥጥ ነጣ። ደስ አለን። በዚያ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ለዓመታት የተራባ ሕይወት እንደነበረና በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደጨረስነው የገባን ቆይቶ ነው።

በሦስተኛው ወር ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ ገዛን። ሰማያዊ መደብ ላይ ብርቱካንማና አረንጓዴ መስመር እየተጠማዘዘ የሚሄድበት፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት ያወጣለት የሚመስል ዓሣ ነው። «ምን ይበላል?» አልነው ሻጩን። «በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ጣሉለት፣ ችግር የለም» አለን። አኳሪየማችሁ ስንት ጊዜው ነው ብሎ አልጠየቀም። እኛም አልነገርነውም። 40 ዶላራችንን ከፍለን ወጣን።

ዓሣው ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ሲለቅም ይውላል። «ይበላል!» ብለን ተደሰትን። የሚለቅመው ግን ባዶ ድንጋይ ነበር። የጣልንለት ሽሪምፕ አፍንጫው ስር ሲወድቅ እንኳን ዞር ብሎ አያየውም። በስድስተኛው ሳምንት ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎደጎደ። በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ፓምፑ ስር ተጋድሞ አገኘነው።

ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። (ጋዜጠኛ ነኝ ባይ ያለበት ቤት መጀመሪያ ገዝቶ ኋላ ማንበቡን ልብ በሉልን።) ማንዳሪን የምዕራብ ፓስፊክ ዓሣ ነው፤ ከደቡብ ጃፓን ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ ባሉት የኮራል ሪፎች ይኖራል። ሳይንስ መዝግቦ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ከባሕር የተያዘ ማንዳሪን የሞተ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አይመስለውም። የሚያውቀው የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ ከሚንቀሳቀሰውም ይበልጡን ኮፔፖድ የሚባለውን። እንደ ድመት ጠዋት አብልታችሁት ማታ የምትመለሱበት እንስሳ አይደለም፤ ንጋት እስከ ምሽት ጥቂት በጥቂት ሲለቅም ይውላል።

ኮፔፖድ የሽሪምፕና የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ነው። ባሕሩንም ሐይቁንም ሞልቶታል። ለነገሩ አገራችንም ያውቀዋል፤ በጋምቤላ የኩሬ ውሃ በጨርቅ ተጠልሎ እንዲጠጣ ሲመከር የኖረው የጊኒ ዎርምን እጭ የሚሸከመው የዚሁ ዘር የሆነ የጣፋጭ ውሃ ፍጥረት ስለሆነ ነው። እዚያ ሰው በጨርቅ የሚያጠልለውን ወገን እዚህ ሰው በጠርሙስ ይገዛዋል። የጨው ውሃዎቹ ያንን በሽታ አያመጡም፤ እንዳትደነግጡ።

ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር እንበል። ከሐዘኑ በኋላ እኛም ከ20 ዶላር በላይ አውጥተን አንድ ጠርሙስ ኮፔፖድ ገዛን። በቀትር፣ መብራቱ በርቶ፣ ፓምፑ እየሠራ ገለበጥነው። ግማሹን ማጣሪያው ጠጣው፣ ከቀረው ያገኙትን ሁለቱ ትንንሽ ዓሦቻችን ለቀሙት። በሳምንቱ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለተኛ ጠርሙስ ይገዛል፣ ከዚያ ሦስተኛ። እኛ ይሄ ነገር ውሃ ውስጥ ገንዘብ መበተን ነው ባዮች ነን። ቤት የሌለውን ፍጥረት ደጋግሞ ማምጣት ዘር አያቆምም።

ቤት ሲኖረው ግን ሌላ ነው። ከእንቁላል የሚወጣው ጫጩት ስድስት የእጭ ደረጃዎችን፣ ከዚያም አምስት የልጅነት ደረጃዎችን አልፎ ነው የሚጎለምሰው። ይህ ሁሉ በሞቃት ውሃ ሁለት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለዚያን ያህል ጊዜ ዓሣ የማይደርስበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከአኳሪየሙ ጀርባ አንድ ትንሽ ሣጥን ሰቀልን፤ ውሃ ከትልቁ ይገባል፣ ተመልሶ ይፈሳል። ውስጡ እንደ ተንጨባረረ ፀጉር የተጠላለፈ ኬቶሞርፋ የሚሉት አልጌና የተሰባበረ የኮራል ድንጋይ አለ። የሙያው ሰዎች ሬፉጂየም ይሉታል። እኛ ቤት ስሙ «ጥገኝነት» ነው። (በዚህ አገር የጥገኝነት ጉዳይ እንዲህ በቶሎ ሲያልቅ ያየነው በዚያ ሣጥን ብቻ ነው።) የሣጥኑ መብራት የሚበራው የአኳሪየሙ ሲጠፋ ነው፤ አልጌው ሌሊት እየሠራ የውሃው አሲድነት እንዳይዋዥቅ ይረዳል።

ሁለተኛውን ዘር ያስገባነው በሌሊት ነው። መብራት አጥፍተን፣ ፓምፑን ግማሽ ሰዓት አቁመን፣ ድንጋዩ ስር በቀስታ። ደግሞም ዓይነቱን መረጥን። ቲግሪዮፐስ የሚባለው ቀላ ያለ፣ በዓይን የሚታይ ጠንካራ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ገላጣ ላይ ስለሚዋኝ ቶሎ ይበላል። ቲስቤ የሚባለው ያንሳል፣ ድንጋዩ ላይ እየዳኸ በስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ዘር ለማቆም የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። ቀለባቸው ፋይቶፕላንክተን የሚባል አረንጓዴ ውሃ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። በዛ ብሎ ከፈሰሰ ውሃው ይበላሻል፣ የማትፈልጉት አልጌም ይነግሥባችኋል። መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒትማ ጨርሶ እንዳታስቡት፤ ዓሣውን አድናለሁ ስትሉ ኮፔፖዱንም ኮራሉንም ትፈጃላችሁ። የታመመ ዓሣ ለብቻው በሌላ ዕቃ ይታከም።

ደግሞ እርሾው አለ። በዚሁ ሙያ የቆየ አንድ ሰው ከራሱ ባልዲ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በነፃ ሰጠን። እናቶቻችን ሊጡን ጋግረው ሲጨርሱ ለሚቀጥለው እርሾ ያስቀራሉ፣ ያጣችም ከጎረቤት ትበደራለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ባልዲ የጨው ውሃ፣ በእያንዳንዱ ቀስ ያለ የአየር ቱቦ፣ አረንጓዴ ውሃ። በየሳምንቱ ከአንዱ በ50 ማይክሮን ወንፊት አጥልለን ወደ አኳሪየሙ እንገለብጣለን። ሁለት ያደረግነው አንዱ ሳይታሰብ ስለሚሞት ነው። የእኛ አንዱ ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ ሽታውን አንገልጽላችሁም።

አሁን ጥያቄያችን ለሱቆቹ ነው። አንድ ሻጭ ማንዳሪኑን ከረጢት ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል? አኳሪየማችሁ ስንት ወሩ ነው? ሌሊት በባትሪ ስታዩ መስታወቱ ላይ የሚርመሰመስ ነጭ ነጥብ አለ? አዎ፣ አንዳንድ ደንበኛ ይዋሻል። ብዙው ግን እንደ እኛ የማያውቅ ነው፤ ቢጠየቅ ተመልሶ ይሄድ ነበር። «እኛ ሻጭ እንጂ ሞግዚት አይደለንም» የሚል መልስ ሰምተናል። እሺ፤ እንግዲያስ «ሽሪምፕ ጣሉለት፣ ችግር የለም» አትበሉ። ዝም በሉ።

በሰው እጅ ተራብተው በረዶ ምግብ የለመዱ ማንዳሪኖች ገበያ ላይ አሉ። ዋጋቸው ይወደዳል። ለእኛ ዓይነት ትንሽ አኳሪየም ማንዳሪን ካስፈለገም መሆን ያለበት ከእነዚያ ነው፤ ኮፔፖዱ ምንም ቢራባ አንድ ከባሕር የተያዘ ማንዳሪን 110 ሊትርን በጥቂት ጊዜ ሊያራቁተው ይችላል። ከሦስታችን አንዷ ጭራሽ አንገዛም ባይ ናት። ድምፅ አልሰጠንም ገና።

ባለፈው ቅዳሜ ከታችኛው ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው አኳሪየሙ ፊት ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ያ ጌጠኛው ዓሣ የታለ?»

«ሞተ እትዬ። ለሚቀጥለው ቀለቡን እያዘጋጀን ነው።»

«ስንት ጊዜያችሁ?»

«ስምንት ወር።»

አጎንብሰው አዩ። መብራቱን አጥፍተን ባትሪ ሰጠናቸው። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ነጫጭ ነጥቦች ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አምስት ስድስት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተን። «ውይ፣ ቅማል!» አሉና ባትሪውን መልሰው ሰጡን።