ከካማሺ ተነሥታችሁ አዲስ አበባን ስታዩ

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ጓዳና ሳሎን፣ ስለ ልጆችና ስለ ገንዘብ ነው። ዛሬ ግን ከቤት እንውጣ።

ከካማሺ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለጉዳይ ነው። በሽተኛ ይዞ ሆስፒታል፣ ማመልከቻ ይዞ መሥሪያ ቤት፣ ወይም ምእመናኑን ወክሎ ጉባኤ። ጉዳዩ አለቀም አላለቀም በነጋታው ሌሊት መናኸሪያ ይገኛል። አገሩ ተመልሶ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ቢሉት የሚያውቀው ያደረበትን አልጋ ቤትና የካርድ ወረፋውን ነው። ሚስቱ አብራው ብትመጣም ስታስታምም ሰንብታ ትመለሳለች። በዚያ ላይ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞንና በአጎራባች የወለጋ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ መንገድ ማለት ሽሽት፣ ሻንጣ ማለት የተረፈ ዕቃ ማለት ሆኖ ቆይቷል።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ጉዳያችሁም ሲፈጸም፣ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩና ባልና ሚስት ሆናችሁ ከተማዋን እዩ እላችኋለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መታወቂያችሁን ያዙ፤ ለእግር የሚመች ጫማ አድርጉ፤ በቀን ከሦስት ቦታ በላይ አታስቡ። አራተኛው ላይ ሰው ይደክመውና የሚያየው ነገር ሁሉ አንድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባልና ሚስት መነጫነጭ ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው ቦታ ትኬት አያስፈልገውም። በነቀምቴና በአምቦ አድርጋችሁ፣ ቡራዩን አልፋችሁ ወደ ከተማዋ ስትገቡ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙው የአዲስ አበባ ሰው አያውቅም። ስሙ የሼህ ሆጀሌ ነው። ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ሲያስገብር ተማርከው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በኋላ ተፈትተው ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን ገዙ፤ በዚሁ ሰፈርም ቤት ነበራቸው። «ሼህ ሆጀሌ» በከተሜው አንደበት ሲጠቀለል ሸጎሌ ሆነ። ከክልላችሁ ወጥቶ በዋና ከተማዋ ላይ እንዲህ ጎልቶ የቀረ ሌላ ስም እኔ አላገኘሁም።

ነገር ግን ታሪኩን ሙሉውን ንገሩት። በዚያ ዘመን ከዚያ አገር የሚወጣው ወርቅ ብቻ አልነበረም። ባሪያም ነበር፤ ሼህ ሆጀሌና ቤተሰባቸውም በዚህ ንግድ ስማቸው የተነሣ ነው። ከሁሉ በላይ የተጎዱት ደግሞ እንደ ጉሙዝ ያሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ በየአቅጣጫው የነበረ ጉልበተኛ ሁሉ እየዘመተ ልጆቻቸውን ወስዷል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን እንደምታስቀር ቃል ገባች፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ሩቅ አይደለም። ከእናንተ መካከል አያቱ ያን ዘመን ያየች ሰው ይኖራል። ስለዚህ ሸጎሌ ስትደርሱ ደስም ሊላችሁ፣ ሊከፋችሁም ይችላል። ሁለቱም ተገቢ ነው።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ውጡ። ፒያሳን ከ2016 ዓ.ም. በፊት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢመጣ መንገዱ ይጠፋበታል፤ አብዛኛው አሮጌ ቤት ፈርሷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ፊት ለፊቱ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ አንሥተውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከጀርባው ያለው ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለ ሥላሴም የነገሡበት። ግቢው ውስጥ የራሱ ሙዚየም አለው።

ወንጌላውያን ወገኖቻችን ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እግራቸው ሲያመነታ አይቻለሁ። የሚያስፈልገው ሥርዓት ማክበር ብቻ ነው። በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት አትሂዱ። እኅት ነጠላ ትልበስ፤ ወደ ውስጥ ስትገቡ ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቁ፤ የሴትና የወንድ በር የተለየ ከሆነ ጠይቃችሁ ግቡ። ፎቶ ሳታነሡ አስፈቅዱ። እንግዳ ቤት ገብቶ የባለቤቱን ሥዕል የሚተች ሰው የለም፤ የእናንተን አዳራሽ ሊያይ የመጣ ሰው እንዲያደርግላችሁ የምትፈልጉትን አድርጉ። ጊዜ ካላችሁ ወደ መርካቶ ወርዳችሁ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ተጎራብተው የቆሙበትን ስፍራ ከውጭም ቢሆን እዩ። ሙስሊም ጎረቤት ላለው የካማሺና የአሶሳ ሰው አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ወደ ሐውልቱ ልመልሳችሁ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ነጭ ወራሪ የተሸነፈበት፣ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የኮራበት ቀን። ቤኒሻንጉል በጦር የገበረው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው። ከእናንተ አንዱ ጉሙዝ፣ ሌላው ኦሮሞ፣ አማራ ወይም ሺናሻ ሊሆን ይችላል። ከሐውልቱ ሥር ቆማችሁ የምትሰሙት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ዝም ብሎ ከማለፍ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል። «አባትሽ ስለዚህ ሰው ምን ይሉ ነበር?» «እናንተ ቤትስ እንዴት ይነገር ነበር?» ስንት ዓመት በትዳር ኖረው ይህን ተጠያይቀው የማያውቁ አሉ!

በማግሥቱ ጠዋት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ድንቅነሽን ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ ተገኘች፤ ከሰውነቷ አጥንት 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ዕድሜዋን አጥኚዎቹ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሉታል። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ሲሆን ዋናው አጥንት በካዝና ይጠበቃል። ቁጥሩን ሰምታችሁ ከአስጎብኚው ጋር እዚያው ክርክር እንዳትገጥሙ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ከኋላችሁ አለ። ይልቅ ቁመቷን እዩ። አንድ ሜትር ከትንሽ ብትሆን ነው።

ከብሔራዊ ሙዚየም በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣል። አደባባዩ ላይ የቆመው ረጅም ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች በከተማዋ ላይ ላፈሰሱት ደም የቆመ። ፊት ለፊት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ይታያሉ። ከሁሉም ሙዚየም እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ዕቃውን በብሔረሰብ ተራ አልደረደረውም። በሰው ዕድሜ ነው የደረደረው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በጋብቻና በሥራ አድርጎ እስከ ሞት ይሄዳል። ባልና ሚስት ሲያዩት «እኛ አሁን የቱ ክፍል ላይ ነን?» ማለታቸው አይቀርም። አስጎብኚውንም «የእኛ አገር ዕቃ የት አለ?» ብላችሁ በድፍረት ጠይቁ። በርታዎች ከቅል የሚሠሩትን ዋዛ፣ የጉሙዝ እናቶች በትከሻ ላይ ባለ እንጨት ከፊትና ከኋላ አመጣጥነው የሚሸከሙበትን ንገሩት። ሙዚየም የሚማረው እንዲህ ከሚጠይቅ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ለታላቁ ቤተ መንግሥትና ለመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ይሁን፤ ጎረቤታሞች ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለው የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ፤ አንበሶችም አሉ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከአንበሶቹ አይላቀቁላችሁም። እናንተ ግን ይህን አስቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሞቱት በዚህ ግቢ ታስረው ሳለ ነው። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በስውር ተቀብሮ እስከ 1984 ዓ.ም. የት እንዳለ አልታወቀም ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በሥላሴ ተቀበሩ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስትገቡ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ መቃብሮች ጎን ለጎን ታያላችሁ፤ የእርሳቸውና የእቴጌ መነን ናቸው። እቴጌይቱ ያረፉት በ1954 ዓ.ም. ነው። ባላቸው ከጎናቸው እስኪያርፉ 39 ዓመት ሆኗል።

በዚያው በ1984 ዓ.ም. ሌላ የጠፋ አስከሬን ተገኝቷል። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ስማቸውን የማያውቅ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። የተወለዱት በወለጋ ቦጂ ነው፤ ለካማሺ ሰው የጎረቤት ልጅ ማለት ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ሰብከው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እርሳቸው ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ በኋላ ታስረው ብዙ ተሠቃይተዋል፤ እስር ቤት የቆዩትም ዐሥር ዓመት ያህል ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ባላቸው የት እንደወደቁ የሚነግራቸው አልነበረም።

መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ስለዚያ ዘመን ነው። ግድግዳ ሙሉ ፎቶግራፍ አለ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስም አለ። ትንንሽ ልጆች ወደዚያ አታስገቡ። ከ2011 ወዲህ ቤተሰብ የቀበረ ሰውም መጀመሪያ አቅሙን ይመርምር፤ ሚስት «እኔ ውጭ ልጠብቅህ» ካለች አትጎትታት፤ ባልም እንዲህ ቢል እንደ ድካም አትቁጠሪበት። አደባባዩ ዳር ሻይ ጠጥቶ መጠበቅ ይቻላል። አብራችሁ ከገባችሁ ግን ፎቶዎቹን አትሩጡባቸው። አንድ ፊት ምረጡና ስሙን አንብቡ።

ወደ አገር ስትመለሱ ነቀምቴ ማደር ግድ ከሆነባችሁ ጠዋት ሳትነሡ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት እዩ። ኩምሳ ሞረዳ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ይባላሉ። በ1896 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ተቀበሉ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብን። በልጅነቱ ተሰርቆ ብዙ ጌቶች የተለዋወጡት፣ በምፅዋ ነፃ የወጣ፣ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1891 ዓ.ም. ያሳተመ ሰው ነው። ቀደም ሲል በ1870ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ሊገባ ሞክሮ አሶሳ ድረስ ደርሶ መንገድ ተዘግቶበት ተመልሶ ነበር። ነቀምቴ ከገባ በኋላ ካህናት ከሰሱት፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዝ ፈረዱበት፤ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ የፈቀዱለት ደግሞ እነዚያው ፒያሳ በፈረስ ላይ ያያችኋቸው ምኒልክ ናቸው፤ እንዳይሰብክ ቢከለክሉትም። በ1923 ዓ.ም. እዚያው ነቀምቴ አረፈ። ከቤተ መንግሥቱ ወጥታችሁ የካማሺን መኪና ስትጠብቁ፣ ፒያሳ ደረጃው ላይ የጀመራችሁትን ወሬ የምትቀጥሉበት በቂ ጊዜ ይኖራችኋል።