የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቀበር? ጥያቄው ከጊኒር ሲታይ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት በተካሄደባቸው የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ተወጥረው፣ ተጠላልፈውና ተንጠልጥለው ይታዩ የነበሩት የኤሌክትሪክና የቴሌ ሽቦዎች ወርደው ከእግረኛ መንገድ በታች ገብተዋል። ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ቦሌን በድሮ ፎቶግራፍና በዛሬው ለሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሥራው ከዋና ከተማዋ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና ሌሎች ከተሞች ተሻግሯል። ይህን በቴሌቪዥን የሚያይ የሮቤ፣ የጎባ ወይም የጊኒር ነዋሪ «የእኛስ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ጥያቄውን ከፍ አድርገው «ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር ራሱ ለምን አይቀበርም?» ይላሉ። አደጋ አለው፣ መሬት ይይዛል፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይቋረጣል የሚል ነው ምክንያታቸው።

ሦስቱም ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። መደምደሚያው ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። «የኤሌክትሪክ መስመር» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስለሚጠራ እንጀምርበት።

አንደኛው በከተማ ጎዳና ላይ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ የምናየው ነው። 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ዝቅ ያደርገውና ወደ ቤታችን 220 ቮልት ሆኖ ይገባል። ይህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። ሁለተኛው በትላልቅ የብረት ማማዎች ተራራና ሜዳ አቋርጦ የሚሄደው 132፣ 230፣ 400 እና 500 ኪሎ ቮልት ተሸካሚ ነው። እሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ቢላቸውም በ2006 ዓ.ም. ሁለት መሥሪያ ቤት ሆነዋል። አቤቱታ ይዘን ስንሄድ የትኛውን በር እንደምናንኳኳ ማወቅ ስላለብን ልዩነቱ ተራ ነገር አይደለም። በኮሪደር ልማት ሲቀበር ያየነው በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ለምን አይቀበርም? በአየር ላይ ያለ ሽቦ ራቁቱን ነው፤ መከላከያውም ማቀዝቀዣውም በዙሪያው ያለው አየር ነው፤ ለዚያም ክፍያ የለውም። መሬት ውስጥ የሚገባ ገመድ ግን ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የፕላስቲክ መከላከያ፣ ከዚያም በላይ የብረት ሽፋን ያስፈልገዋል። የሚፈጥረውን ሙቀት አፈሩ ካልወሰደለት ይቃጠላል። ሌላም ችግር አለ። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ነው። የተቀበረ ገመድ ደግሞ በባሕርይው እንደ ማጠራቀሚያ ስለሚሠራ በየቅያሬው ይሞላል፣ ይፈስሳል። ገመዱ በረዘመና ቮልቴጁ በጨመረ ቁጥር ለዚህ መሙላትና ማፍሰስ የሚባክነው አቅም ይበዛል። በጣም ከፍተኛ በሆነ ቮልቴጅ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ ተጨማሪ ውድ መሣሪያ በየመካከሉ ካልተተከለ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ኃይል ይመናመናል።

ይህን ጣጣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀንሰዋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ነው። እሱም ቢሆን በማማ ላይ ነው የሚሄደው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን ኃይሉን ወደ መሀል አገር የሚያመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም በአየር ላይ ነው። ከፍተኛ መስመርን መቅበር በየአገሩ ከአየሩ ብዙ እጥፍ እንደሚያስወጣ በዘርፉ የታወቀ ነው። ሀብታሟ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ለትልልቆቹ ቀጥተኛ መስመሮች መቀበርን ቅድሚያ ሰጠች፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚዘረጋው መስመር የተገመተው ወጪ ወደ 10 ቢሊዮን ዩሮ ሲጠጋ ግን «ቀጣዮቹን ወደ አየር እንመልሳቸው» የሚል ክርክር እዚያው ተነሳ።

የተቀበረ ነገር አይበላሽም የሚለውም ተስፋ እንጂ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ፣ በሞቃትና ደረቅ በጋ፣ የኒውዚላንዷን የኦክላንድ ከተማ እምብርት የሚመግቡ አራት የ110 ኪሎ ቮልት ገመዶች ተራ በተራ ከሥራ ውጭ ሆኑ። አራቱም የተቀበሩ ነበሩ። የከተማዋ መሀል ለአምስት ሳምንታት ያህል ተቸገረ። በአየር ላይ ያለ ሽቦ ሲበጠስ ሠራተኛው በዓይኑ አይቶ፣ መሰላል አስደግፎ በሰዓታት ይቀጥለዋል። የተቀበረው ሲበላሽ ግን ቦታውን የሚፈልግ ልዩ መሣሪያ፣ ቁፋሮ፣ መገጣጠሚያና ያንን የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ይገኝ ይሆናል። በምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ በጊኒር ግን «ባለሙያው ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ጠብቁ» የሚባልበት ቀን ይመጣል።

የጊኒርን ጉዳይ ከካርታ እንጀምር። ባሌ ኃይል አመንጪ ምድር ነው። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋዋት አቅም አለው። በባሌና በጉጂ መካከል፣ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ ሦስት ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ 254 ሜጋዋት ጨመረ። መልካ ዋከና ከሮቤ በስተምዕራብ ነው፤ ጊኒር ደግሞ በስተምሥራቅ፣ ከሲናና የስንዴ ሜዳ ማዶ። ከረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለ ከተማ የራሱን ብልሽት ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት ያሉትን ሁሉ ይሸከማል። አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ መካከል ላይ ሽቦ ሲነካ የሚጨልመው ዛፉ ያለበት ሰፈር ብቻ አይሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ ነው። ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፣ የውኃ ፓምፑ ይቆማል፣ የክትባት ማቀዝቀዣው በጄኔሬተር ነዳጅ ይንጠለጠላል። በረመዷን ሱሑር ላይ መብራት የጠፋበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢያን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር መድኃኒቱ መቅበር አይደለም። መንገዱን ማብዛት ነው። ወደ ከተማው የሚገባ ሁለተኛ መስመር፣ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ነጥሎ ሌላውን የሚያስቀጥል በየመካከሉ የሚተከል መቁረጫ፣ በበሰበሰው እንጨት ምትክ የኮንክሪት ምሰሶ፣ የተሰነጠቁ ስኒዎችን መቀየር፣ ከሽቦው ሥር የሚያድገውን ባሕር ዛፍ በወቅቱ መቁረጥ። እነዚህ ፎቶግራፍ የሚያምርላቸው ሥራዎች አይደሉም፤ የምረቃ ሪባንም አይቆረጥባቸውም። አንድ ኪሎ ሜትር ከፍተኛ መስመር ለመቅበር የሚወጣው ገንዘብ ግን ከእነዚህ ብዙውን ይሸፍናል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። የሮቤና የሲናና ሜዳ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ሰው እግር በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ገመድ በአሸዋና በጥሩ ቱቦ ካልተቀመጠ መገጣጠሚያው ይሳባል፤ አፈሩ ሲደርቅም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ወደ ጊኒር ወረድ ሲባል ደግሞ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈጠረው የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ቁፋሮው ዶማ የሚበቃው አይደለም።

የሸሪዓ ዓላማዎችን ያስተማሩን ዑለማ፣ በተለይ ኢማም ሻጢቢ፣ የሰውን ጥቅም በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ዶሩሪያት፣ ሐጂያትና ተሕሲኒያት። የማይታለፈው ግዴታ፣ ችግርን የሚያቃልለው ፍላጎት፣ ከዚያም ማስዋቢያው። ማስዋቢያው ሐራም ወይም ከንቱ አይደለም። ለማስዋቢያው ሲባል ግዴታው ከፈረሰ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አገሪቱ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ መብራት ለማድረስ አቅዳ ነበር። ዓመቱ ደርሶ አልፏል፤ በገጠሩ ባሌ ዛሬም በኩራዝና በትንሽ የፀሐይ ፓኔል የሚያመሽ ቤት ብዙ ነው። ምሰሶ እንኳን ያልደረሰበት ቀበሌ እያለ ማማ የመቅበር ጥያቄ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ግልጽ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ መቅበር ራሱ ዶሩሪ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አንፈልግም። በገበያ ቀን ሕዝብ የሚተራመስበት ሜዳ፣ መናኸሪያ፣ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት በር፣ ለጁሙዓና ለዒድ ሶላት ጀመዓው ወጥቶ የሚያነጥፍበት አደባባይ ላይ ራቁት ሽቦ ዝቅ ብሎ ማለፍ የለበትም። እነዚህ በመቶ ሜትሮች የሚለኩ ርቀቶች ናቸው። 15 ኪሎ ቮልትን ለዚህን ያህል ርቀት መቅበር የሚቻል ነው፤ ካልተቻለም ፕላስቲክ በለበሰ ሽቦ መቀየር ብዙ አደጋ ያስቀራል። በታሪካዊ ስፍራዎችም እንዲሁ። ድሬ ሼክ ሑሴንና ሶፍ ዑመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ናቸው። ለእነሱ የሚዘረጋው መስመር ገና ከንድፉ ታስቦበት እንዲገባ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

መምህራን በነበርንበት ጊዜ ከተማሪዎች የማይቀር ጥያቄ ነበር፦ «ሽቦ ላይ የቆመች ወፍ ለምን አትሞትም?» ሁለት እግሯ በአንድ ሽቦ ላይ ስለሆነ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በእሷ ውስጥ አልፎ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። ክንፉ ሁለት ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ንስር ግን ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ይነካል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክ የወርቃማው ንስርና የጺማሙ ጥንብ አንሳ መኖሪያ ነው። በጎባና በዲንሾ በኩል አዲስ ምሰሶ ሲተከል ጫፉ ላይ መሸፈኛ ማድረግ ርካሽ ነው። ወፏም ትድናለች፣ መብራቱም አይቋረጥም።

ከመቅበር በፊት የሚቀድም ሌላም ነገር አለ። በፊቅህ «ሐሪም» የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው በዙሪያው የተወሰነ ስፋት ያለው ቦታ ይከበርለታል። ሌላ ሰው እዚያ ላይ አይቆፍርም፣ አይገነባም፤ ጉድጓዱ ያለዚያ ቦታ ጥቅም አይሰጥምና። የኤሌክትሪክ መስመርም ሐሪም አለው። ከተሞቻችን ሲሰፉ ግን ቤት ከመስመሩ ሥር ይገባል፣ ፎቁ ይጨመራል፣ የብረት አጥር ይቆማል። በመስጂድ ግንባታም ይህ ሲደርስ እናያለን፤ መሬቱ በስጦታ ስለተገኘ ብቻ ሚናራው ሽቦ ወዳለበት አየር ይወጣል። የመስጂድ ኮሚቴዎች መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ርቀቱን ማስለካት አለባቸው። ብረት ይዞ ከላይ የሚሠራው ወጣት ነፍስ አማና ነው።

ስለ ጤና የሚነሳው ስጋትም መልስ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ «ምናልባት ካንሰር አምጪ» በሚለው ደረጃ መድቦታል፤ ይህም ማስረጃው ውስን መሆኑን የሚያመለክት ምድብ ነው። መቅበር ይህን መስክ አያጠፋውም። አፈር አይከለክለውም፤ እንዲያውም ከገመዱ ቀጥታ በላይ የቆመ ሰው ከማማ ሥር ከቆመው ይበልጥ ሊቀርበው ይችላል፤ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ሲል ግን ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚጠነቀቅ ሰው የሚያስፈልገው አሁንም ርቀት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። እያንዳንዱ የተቀበረ ሜትር ውሎ አድሮ በዚያ ቢል ላይ ይመጣል። የመሬት ካሳውም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1336 ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ሳይቀር የካሳ ክፍያውን ሸክም ወደ ክልሎች አዙሯል። የጊኒር ገበሬ ማሳው ላይ ማማ ሲተከል ወይም ቦይ ሲቆፈር ካሳ የሚጠይቀው ከክልሉ ነው ማለት ነው። የተቀበረ መስመር መሬት አይወስድም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በማማ ሥር ስንዴና ገብስ ይዘራል፤ በከፍተኛ ኃይል ገመድ ላይ ግን ሥሩ ጥልቅ የሆነ ዛፍ አይተከልም፣ ጥልቅ ቁፋሮ አይካሄድም፣ ቤትም አይሠራም።

የኮሪደር ሥራ ወደ ባሌ ከተሞች ሲደርስ፣ ዛሬውኑ ሊጠየቅ የሚገባው ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ አንድ ነገር አለ፦ መንገድ ሲቆፈርና የእግረኛ ንጣፍ ሲነጠፍ ባዶ ቱቦ አብሮ ይቀመጥ። ገመዱ ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ቢመጣም ንጣፉ ሳይነሳ ይገባል። ከቱቦው ጋር ደግሞ የት እንዳለፈና በምን ጥልቀት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ካርታ ይሠራ፤ ቅጂውም በማዘጋጃ ቤቱ፣ በውኃ ጽሕፈት ቤቱና በቴሌ እጅ ይቀመጥ። ካርታ በሌለበት የውኃ ቧንቧ ሊጠግን የወረደ ሠራተኛ ዶማውን የሚያሳርፈው 15 ኪሎ ቮልት ላይ ሊሆን ይችላል።