ጠመንጃው ተመዘገበ፤ ጥይቱስ?

ስለ ጋምቤላ ፀጥታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የጠመንጃ ቁጥር ነው። ማን ታጠቀ? ስንቱ ተመዘገበ? ስንቱ ተሰበሰበ? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ጥይቱን ግን ማን ይጠይቃል?

“ጥይት ያው ጥይት ነው” የሚል አይጠፋም። አይደለም! ይህ አስተሳሰብ በውጅግራ ዘመን ቢሆን ያስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ያኔ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያችን የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። የተተኮሰ ቀለሃም አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። አኙዋኮችም በዝሆን ጥርስ ንግድ ከደጋው ጠመንጃ ሲያገኙ ዘመኑ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 አዶንጋ ላይ የእንግሊዝን ጦር ሲገጥሙም ጠመንጃ ታጥቀው ነበር።

ጥቁር ባሩድ ተጠቅጥቆ ቢሞላ ብዙም አያስፈራም። እንዲያውም ቀለሃው ውስጥ ክፍት ቦታ እንዳይቀር መጠቅጠቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዮች ጭስ አልባውን ባሩድ ሲሠሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ይኼኛው የሚነድበት ፍጥነት ከግፊቱ ጋር ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ባሩዱ ይፈጥናል፤ ባሩዱ ሲፈጥን ግፊቱ ይብሳል። ከልኩ በላይ ከታመቀ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እርግጥ ፋብሪካም አንዳንዱን ጥይት ጠቅጥቆ ይሞላል። ግን ባሩዱን በጥንቃቄ መዝኖ፣ ግፊቱን በመሣሪያ ፈትሾ ነው። ጓዳ ውስጥ ይህ ከየት ይመጣል? የክላሽ ጥይት ደግሞ አብዛኛው ቀለሃው ብረት ነው፤ ተመልሶ እንዲሞላም አልተሠራም።

በዚህ ላይ የጋምቤላን ሙቀት ጨምሩበት። በበጋው መጨረሻ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የጋለ ባሩድ ከቀዘቀዘው ፈጥኖ ይነዳል። ለዓመታት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ጥይት ደግሞ ባሩዱን ከብልሽት የሚጠብቀው ኬሚካል እያለቀበት ይሄዳል። አንዱ ይከሽፋል፣ ሌላው እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ቀጣዩን ሲተኩስ አደጋው በራሱ ላይ ይደርሳል። ምንጩና ዕድሜው የማይታወቅ ጥይት የሚያስቀምጥ ሰው ቤተሰቡን እየጠበቀ ይመስለዋል እንጂ አደጋ ጓዳው አስገብቷል።

“ታዲያ ምን እናድርግ?” ቢል ግን አይፈረድበትም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በክልሉ የኑዌር ዞን መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወስደዋል። ይህን ያየ አባት ጥይቱን በባዶ ቃል አያስረክብም። ስለዚህ ድንበሩ በመንግሥት ኃይል መጠበቁን በዓይኑ ማየት አለበት። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው የጥይቱ ጉዳይ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም ይመለከታል። በተግባር ግን ምዝገባ ሲባል ዓይናችን የሚያርፈው ጠመንጃው ላይ ነው። ጠመንጃ በጥንቃቄ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ጥይት ግን አንዴ ከተተኮሰ አለቀ። ግጭት የሚቀጥለው አዲስ ጥይት እስከገባ ድረስ ነው።

ያረጀና ምንጩ ያልታወቀ ጥይት “ከየት አመጣኸው?” ሳይባል የሚረከቡበት፣ ባለሙያ የሚያስወግድበት ቦታ በየወረዳው ይዘጋጅ። ስለ አደጋውም በአኙዋክኛና በኑዌርኛ፣ በአገር ሽማግሌዎች አንደበት ይነገር። ሰው ለሕግ ባይታዘዝ እንኳ ለዓይኑና ለእጁ ይሳሳል። ከዚያ ብንጀምር ምን ይለናል?