«ቡድኑን ከድታ ጠፋች» ብዬ የጻፍኩባት ልጅ

ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት የስፖርት ዜና ታስታውሱ ይሆናል። «የኮሌጃችን የ1500 ሜትር ተስፋ ቡድኑን ከድታ ጠፋች» ትል ነበር አርዕስቷ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ለስፖርት ዘገባ ኮርስ የሠራኋት ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ሥራዎቼ በጣም የኮራሁባትም እሷ ነበረች። አሰልጣኙን አነጋግሬያለሁ፤ 2 የቡድኑን ልጆች አነጋግሬያለሁ፤ ልጅቷ ባለፈው ዓመት የገባችበትን ሰዓት ሳይቀር ከስፖርት ክፍሉ መዝገብ ገልብጫለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ግን ከአርዕስቱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ 3 ቃል ብቻ ጽፈውበት አገኘሁ፦ «እሷስ ምን አለች?»

እሷን አላነጋገርኳትም ነበር። ዶርሟ ከእኛ ብሎክ 200 ሜትር አይርቅም። «ጠፋች» ያልኳት ልጅ ደግሞ የትም አልጠፋችም፤ በየቀኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ከላይብረሪው ጀርባ ባለችው አሮጌ አዳራሽ ከድራማ ክበቡ ጋር ልምምድ ላይ ነበረች። ግቢው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ጋዜጠኛው ብቻ ነው!

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የማርኬ ማነስ አይደለም (እሱንም ቢሆን አልረሳሁትም)። «ከዳች» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል ማንም አልነገረኝም። አሰልጣኙ እንኳ ያሉት «ትታን ሄደች» ነው። ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁትም ሳላስብበት ነው፤ ምክንያቱም ስፖርተኛ ስፖርቱን ሲተው አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። እስቲ እናንተም አስቡት። ተማሪ ዲፓርትመንት ሲቀይር «ቀየረ» እንላለን። የባንክ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ሱቅ ቢከፍት «ደፋር ነው» ይባላል። ሩጫ የሚችል ሰው ሩጫ ሲያቆም ግን ወይ «ከዳ» ነው፣ ወይ «ባከነ» ነው፣ ወይ ደግሞ «ምን ነክቶት ነው?» ነው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ሳለ ነው የኤሌና ዴሌ ዶንን ታሪክ ያነበብኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ታሪኩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አገር አትሌት የሚያድገው በአብዛኛው በክለብ ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ የሚሮጥ ሰው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ነው የሚሮጠው። አሜሪካ ውስጥ ግን የቅርጫት ኳስ ዋናው መንገድ የሚያልፈው በኮሌጅ በኩል ነው። ኮሌጁ ጎበዟን ልጅ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለች ይመለምላታል፣ የትምህርት ወጪዋን ይሸፍናል፣ እሷም ትጫወትለታለች። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ስለዚህ እዚያ አንዲት የኮሌጅ ስፖርተኛ «ተውኩ» ስትል የሚሰማው ግቢው ብቻ አይደለም።

ዴሌ ዶን የዴላዌር ግዛት ልጅ ናት፤ ያደገችው ዊልሚንግተን ከተማ ነው። የመጀመሪያው የነፃ ትምህርት ዕድል ከዩኒቨርሲቲ የቀረበላት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች እንደሆነ ተዘግቧል። 7ኛ ክፍል! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ምን መሆን ትፈልጋለህ ስባል በየሳምንቱ መልሴን እቀይር ነበር። በ2008 ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ በአገሪቱ አንደኛ ከሚባሉት ተመልማዮች አንዷ ነበረች። የመረጠችው የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን ነው፤ የሴቶች ቡድኑ እስከዚያ ጊዜ ድረስ 5 ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደ ነው። በዚያው ክረምት ግቢው ገባች። በ2 ቀኗ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ትምህርት ሲከፈት ከቤቷ ብዙ በማይርቀው የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች። ቅርጫት ኳስ አልተጫወተችም፤ የገባችው ቮሊቦል ቡድን ውስጥ ነው። ምክንያቷን በኋላ ራሷ ተናግራለች። አንደኛው፣ ኳሱ አንገሽግሿት ነበር። ሁለተኛው፣ ሊዚ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት። ሊዚ ማየትም መስማትም አትችልም፤ ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባው በመንካትና በማሽተት ነው። እንዲህ ያለችን እህት ስልክ ደውለህ «ደህና ነሽ ወይ?» አትላትም። እጇን መያዝ አለብህ፤ እጇን ለመያዝ ደግሞ አጠገቧ መሆን አለብህ።

ይህን ያነበበ ሰው «ከዳች» ለማለት አፉ ይያዛል። ግን ልብ በሉ፦ በዚያች በ2ኛዋ ቀን፣ ስለ እህቷ ምንም ሳናውቅ ዜናውን ጻፉ ብንባል ምን እንጽፍ ነበር? እኔ የምጽፈውን አውቀዋለሁ። ጽፌዋለሁም።

«ተከዳ» የሚባለው ቡድንስ ምን ሆነ? በ2008-09 የውድድር ዘመን 39 ጨዋታ ተጫወተ፤ 39ኙንም አሸነፈ፤ ዋንጫውን ወሰደ። በሚቀጥለውም ዓመት 39ኙንም አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። ለዚህ ቡድን ማን ያልቅስለት?

አሁን ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ወዳለው ወጥመድ ልምጣ። ዴሌ ዶን በ2009 ወደ ቅርጫት ኳስ ተመልሳለች፤ ግን ለዚያው ለዴላዌር ነው የተጫወተችው። በ2013 የሙያ ሊጉን ተቀላቀለች፤ በ2015 እና በ2019 የሊጉ ኮከብ ተብላ ተመረጠች፤ በ2016 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2019 ከዋሽንግተን ሚስቲክስ ጋር ዋንጫ አገኘች። ጫማዋን የሰቀለችው በ2025 ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ አንባቢ ሁሉ «እፎይ!» ይላል። እኔም ብያለሁ። ይህች እፎይታ ግን ደስ አትለኝም። ይቅር ያልናት ተመልሳ ስላሸነፈች ነው ማለት ነው። ቮሊቦሏን ተጫውታ፣ ተመርቃ፣ እዚያው ዊልሚንግተን መምህርት ሆና ብትቀርስ ኖሮ? ያቺ ሁለት ቀን ዛሬም «የባከነች ተስፋ» ተብላ ትጻፍ ነበር። ልጅቷ ግን ያው አንድ ልጅ ናት፤ ሊዚም ያው አንድ ሊዚ ናት።

ያልተመለሰም አለ። ማይሮን ሮል በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት ተከላካይ ነበር። ኅዳር 2008 ለኦክስፎርዱ የሮድስ ስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ የተጠራበት ቀንና ቡድኑ ሜሪላንድ ላይ የሚጫወትበት ቀን ገጠመ። ቃለ መጠይቁን አላባማ ውስጥ ጨርሶ፣ ማሸነፉን ሰምቶ፣ በአውሮፕላን በርሮ ጨዋታው መሐል ላይ ደረሰ። ከዚያ የመጨረሻ ዓመት ጨዋታውንም ሆነ የ2009ን የሙያ ክለቦች ምልመላ ትቶ ኦክስፎርድ ገባ። በ2010 ሲመለስ ክለቦቹ ቃለ መጠይቅ አደረጉለት፤ ከእነሱ አንዱ «ጓደኞችህን ጥለህ ስትሄድ ምን ተሰማህ?» ብሎ እንደጠየቀው ራሱ ተናግሯል። በዚያ ምልመላ የተጠራው 207ኛ ሆኖ ነው። በሙያ ሊጉ መደበኛ ውድድር አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ወጣና ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በ2017 ተመርቆ ቦስተን ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተለማመደ።

ኦክስፎርድ ለሄደ ሰው «ጥለህ ሄድክ» ከተባለ ለእኛዋ የድራማ ክበብ ልጅ ምን ሊባል ነው! ደግሞ እሱ ቢያንስ ሐኪም ሆኗል። ሐኪም ከሆነማ ሁላችንም ይቅር እንላለን፤ እናቶቻችን እንኳ «ደግ አደረገ» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ግራ የሚገባኝ። ሰው የሚችለውን ነገር ትቶ መሄድ የሚፈቀድለት ከፍ ወዳለ ነገር ሲሄድ ብቻ ነው እንዴ? ከፍና ዝቅውንስ የሚለካው ማነው?

የዶርም ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ ሳቀብኝ። «አሜሪካኖቹ ጠግበው ነው» አለኝ። «እኛ ጋ ሩጫ እንጀራ ነው። አንዲት ልጅ ከሮጠች ቤተሰብ ይለወጣል፣ እናት ቤት ይሠራላታል። አንተ ስለ ደስታ ታወራለህ።»

ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም፤ እውነት አለውና። ልጅቷም የአርሲ ልጅ ናት። ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ካወጣች ምድር የመጣ ሰው እግሩን እንዴት እንደሚያይ እኔ የከተማው ልጅ አላውቅም። ግን ከሚሮጠው ሁሉ ለእናቱ ቤት የሚሠራው ስንቱ ነው? ደግሞስ ይህን ዕዳ መጠየቅ የሚችል ካለ ቤተሰቧ ነው። እኔ ምኗ ነኝ? ኮሌጁስ ምን ሰጥቷት ነው? አንድ ቱታ፣ አንድ ጫማ፣ የውድድር ዕለት ምሳ። ቱታውን አጥባ፣ አጣጥፋ መልሳለች። ጫማው አልቋል።

አሰልጣኙ ግን የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የተወችው ከኮሌጆች ውድድር 3 ሳምንት ሲቀረው ነው። ዓመት ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሜዳ ላይ ቆመው ሰዓት የያዙላት እሳቸው ናቸው፤ በእሷ ቦታ የምትገባ ሌላ ልጅ ለማዘጋጀት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ኮሌጃችን በ1500 ሜትር ሴቶች ሳይሰለፍ ቀረ። ይሄ በደል ነው። ስፖርት መተው በደል ሳይሆን በዚያ ሰዓት መተው። ሁለቱን ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንድ ላይ ጠቅልዬ «ከዳች» አልኩ።

ለነገሩ ይህን የለየችልኝ ራሷ ናት። ከአንድ ሴሚስተር በኋላም ቢሆን የመምህራችንን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ጠበቅኳት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «አንተ ነህ እንዴ ያጠፋኸኝ?» አለችና ሳቀች። የሳቀችው ግን ትንሽ ቆይታ ነው።

«ጊዜውን አበላሽቻለሁ፤ ኮችን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ» አለችኝ። «እሱን ብትጽፍ ምንም አልልህም ነበር። እናቴ የምታውቀው ሰው እዚህ አለ፤ 'ከዳች' ተብሎ መለጠፉን ነገራት። ከወንድ ጋር የጠፋሁ መስሏት ሦስት ቀን አልቅሳለች።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስፖርት ዜና የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሩጫውን ለምን እንደተወችው ጠየቅኳት። ትልቅ ምክንያት ጠብቄ ነበር፤ ጉዳት፣ ሕመም፣ ጠብ፣ የሆነ ነገር። ምንም የለም። «ስለምችል ነው የሮጥኩት» አለች። «8ኛ ክፍል የስፖርት መምህራችን ሰዓት ያዘልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ስለ ሰዓቴ ነው የሚጠይቀኝ። ድራማ ላይ ማንም ሰዓት አይዝብኝም።»

ልምምዱን ቁጭ ብዬ አየሁ። የጎረቤት ሴት ሆና ሁለት ጊዜ ትገባለች፣ ሁለት ጊዜ ትወጣለች። የሐያሲ ዓይን የለኝም፤ ቢሆንም ጥሩ ተዋናይ ናት ብዬ አልዋሽም። እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም። ሁለተኛው መግቢያዋ ላይ ቃለ ተውኔቱ ጠፋባትና አዘጋጁ ከመድረኩ ጀርባ ሲያስታውሳት እኛ ሁላችን ሰማን። በሩጫ ኮሌጁን የምታኮራ ልጅ እዚህ ከመካከለኛ በታች ናት። ይህን ለራሷ ብነግራት የምትቀየመኝ መስሎኝ ነበር። «አውቃለሁ» አለች፣ «ገና 4 ወሬ ነው።» ደግሞ ስትወጣ ያቺን የጠፋችባትን መስመር በየደረጃው እየደጋገመች ነበር የምትወርደው።

ከእኔ ሐሳብ ጋር የማይስማማ አስተማሪም ተማሪም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በተለይ ስፖርት ክፍል። ምላሻችሁን ጻፉ፤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን እኔንም አነጋግሩኝ፤ ዶርሜ ሩቅ አይደለም። አሮጌዋን ዜና ከሰሌዳው ላይ ነቅያታለሁ። በምትኳ የለጠፍኳት አርዕስት «የ1500 ሜትር ሯጯ ውድድር አቆመች፤ የድራማ ክበብ ገባች» ትላለች። ለእናቷም በራሷ ስልክ ደውዬ የጻፍኩት ውሸት እንደነበረ ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ ልጄ፣ ግን ሩጫውን ለምን ተወችው?» ነው ያሉኝ።

ድራማው የፊታችን ሐሙስ 11 ሰዓት በዚያችው አዳራሽ ይታያል፤ መግቢያ በነፃ ነው። የምትመጡ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ የጎረቤቷ ሴት ድምፅ ገና ከዚያ አያልፍም።