ሁለት መምህር፣ አንድ ክፍል፣ ሰማንያ ልጅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚልኩ ነው። ባይልኩም የጎረቤትዎ ልጅ እዚያው ነውና አይለፉኝ። የምለው አጭር ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል አንድ መማሪያ ክፍል የሚይዘው የልጆች ቁጥር ጣሪያ ይከበር። ሁለተኛ መምህር መጨመር መልካም ነው፤ ጣሪያውን ግን አይተካም።

«መለኪያውማ ድሮም አለ» ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለአንድ ክፍል በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ብሎ ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ አገራዊ አማካይ ራሱ ከ60 በላይ ነበር። ደግሞ ሪፖርት ሲነበብልዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የተማሪ-መምህር ጥምርታ ሌላ፣ የተማሪ-ክፍል ጥምርታ ሌላ ነው። 800 ተማሪና 20 መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት «አንድ ለአርባ» ነው ይባላል፤ ለጆሮ ደስ ይላል። ክፍሎቹ አሥር ብቻ ከሆኑ ግን ልጅዎ የሚቀመጠው ከ79 ልጆች ጋር ነው።

«እኛስ ዘጠና ሆነን ተምረን የለም ወይ?» ይህን የሚሉኝ ሁልጊዜ የተሳካላቸው ሰዎች ናቸው፤ እርስዎም ከነሱ አንዱ በመሆንዎ ደስ ይለኛል። ከኋላዎ ተቀምጦ አራተኛ ክፍል ሳይደርስ የቀረው ልጅ ግን ይህን ደብዳቤ አያነበውም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። መጨናነቅ ብቻውን ያመጣው ነው አልልም። ግን ያስሉት፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ80 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል። ፊደል የጠፋው ልጅ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ እንኳ አይበቃውም።

«ዋናው የመምህሩ ብቃት ነው» ካሉኝ እስማማለሁ። ነገር ግን ብቃት ያለው መምህርም ደብተር ያርማል። ለአንዱ ደብተር ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ 80ው 160 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ትምህርት፣ ለአንድ ቀን። ስለዚህ «ታይቷል» ብሎ ፈርሞ ይመልሳል። ልጅዎ ይዞ የሚመጣው ያ ፊርማ የስንፍና ምልክት እንዳይመስልዎ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄዎ ልምጣ። «እንግዲያው ሁለተኛ መምህር ይግባ፤ ክፍል ከመገንባት ይቀላል!» ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት ይህ በደንብ ተሞክሯል። በ79 ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በዕጣ በሦስት መደቧቸው፤ ከ13 እስከ 17 ልጆች የያዘ ትንሽ ክፍል፣ ከ22 እስከ 25 የያዘ የተለመደ ክፍል፣ የተለመደው ክፍል ሆኖ የሙሉ ጊዜ ረዳት የተጨመረለት። በንባብም በሒሳብም የቀደሙት የትንሹ ክፍል ልጆች ናቸው። ረዳቱ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ረዳትማ መምህር አይደለም» ይሉኛል፤ ትክክል ነዎት፣ ይህን ልዩነት እኔም አከብራለሁ። ሁለት የሠለጠኑ መምህራን አብረው አቅደው፣ አብረው ቢያስተምሩ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን እንዴት እንደሚሠራ ያስቡት። አንዷ መምህርት ትምህርቱን ስትቀጥል ሌላዋ ፊደል ያልለዩትን አሥር ልጆች ወደ ጥግ ወስዳ ታስለያቸዋለች። ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ጥግ የለም። በዴስኮቹ መካከል ማለፊያም የለም። ከሁለቱ አንዷ በር ላይ ቆማ ዝም ማሰኘት ሥራዋ ይሆናል።

አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ መምህር ስንት ልጅ እንደሚያስተምር በቁጥር ደንግጓል። እስከ 25 ልጅ አንድ መምህር ያስተምር፤ ከዚያ አልፎ እስከ 40 ረዳት ይጨመርለት፤ ከ40 ሲያልፍ ሁለት መምህራን ይቁሙ። ረዳቱ የተፈቀደው እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻ መሆኑን ያስተውሉልኝ።

ሁለት መምህር የግድ የሚልበት ቦታም አለ፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። መስማት የተሳነው ልጅ ያለበት ክፍል የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሁለተኛ መምህር ያስፈልገዋል፤ ክፍሉ 30 ልጅ ብቻ ቢኖረውም።

«ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» ይህ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን በጥድፊያ ወደ 20 ልጅ ሲያወርድ በቂ ሥልጠና የሌላቸው መምህራን በብዛት ተቀጠሩ፤ የከፋው ችግር የደረሰውም በድሆች ሠፈር ትምህርት ቤቶች ላይ ነበር። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ ይሁን አልልም፤ አንደኛ ክፍል ይቅደም። መምህር ተርፎ ክፍል ካነሰ ደግሞ በንባብ ሰዓት ልጆቹ ለሁለት ይከፈሉ፤ ግማሹ ከአንዷ መምህርት ጋር ቤተ መጻሕፍት ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ይማር። አዲስ የተቀጠረውን መምህር አንደኛ ክፍል፣ ልምድ ያለውን ስምንተኛ ክፍል መመደብም ይቅር።

ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ይሂዱ፤ ስለ አጥር ግንባታው ብቻ ተነጋግረው አይመለሱ። «አንደኛ ክፍል አንዱ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ተመዝግቧል?» ብለው ይጠይቁ። ጥምርታ ከነገሩዎት በትሕትና ድገሙልኝ ይበሉና የአንዱን ክፍል ቁጥር ጽፈው ይምጡ።