ባትሪው ሳይነበብ ሐዋላ አይላክ

ጀበል ኩጁር ሥር ነግደን የምናጠራቅማት ገንዘብ አዲስ አበባ ስትደርስ መኪና ትሆናለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ የሚጠይቀን የኤሌክትሪኩን ነው፤ አብዛኛው የቻይና።

ኪሎ ሜትር አይቶ፣ ቀለም ዳብሶ መግዛት እዚህ ላይ አይሠራም። ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው። ጤንነቱ የሚታወቀው የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ከሚቀባበሉት መረጃ ነው፤ ማሽኑ ከመሪው ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ይሰካል። ርካሹ ማሽን ግን አያዋጣም። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገደደችው የጋራ ቋንቋ ለጭስ ቁጥጥር የወጣ ነው፤ የባትሪውን ነገር እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ኮድ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱም ይቆልፈዋል።

ስለዚህ የዚያው መኪና ሶፍትዌር ያለው ባለሙያ አንብቦ፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ በፎቶ ሳይልክልን ብር ባንልክ ይሻላል። ሻጩ «አዲስ ነው እኮ» ይላል። አዲስ ከሆነማ ማስነበቡ ምን ያስፈራዋል?