የቤቱ መሥመርና የግቢው መሥመር

እንግዳ ሰው በምሽት ወደ ግቢያችን ቢመጣ ከመኝታ ቤቶቹ ደረጃ ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን ተማሪዎች አይቶ ነፋስ ለመቀበል የወጡ ይመስሉት ይሆናል። ነፋሱንስ ማን ይጠላል? ነገር ግን ያወጣን እርሱ አይደለም። የሁለተኛው ፎቅ ዋይፋይ ከደረጃው ማጠፊያ በቀር በሌላ ስፍራ ስለማይያዝ ነው። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም ያየ ሰው የሚጸልይ ቢመስለው አንፈርድበትም።

በዚያው ሰዓት ከከተማ፣ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማረው ጓደኛችን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያንኑ የመምህሩን ቪዲዮ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አውርዶ ይጨርሳል። ሁለታችንም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ ፈተናችን አንድ ነው፤ የማስረከቢያውም ሰዓት አንድ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚኖር ተማሪ፣ አንድ ቤተሰብ በቤቱ ከሚያገኘው ያነሰ ኢንተርኔት የሚደርሰው ስለ ምንድን ነው?

ነገሩ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቤቱ የሚጠቀም ሰው ቢገኝ በስልኩ ሽቦ እየደወለ የሚገናኝ ነበር። ሞደሙ ይጮኻል፣ ስልኩ ይያዛል፣ ፍጥነቱም ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር። ያን ጊዜ የተሻለውን የፈለገ ወደ ግቢ ይመጣ ነበር እንጂ ከግቢ ወደ ቤት የሚሸሽ አልነበረም። ዛሬ ግን ቅዳሜ ጧት ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ዘመድ ቤት የሚሄደው ተማሪ ብዙ ነው፤ አክስትየዋ ናፍቃው የመጣ ይመስላታል።

«የቤት ኢንተርኔት» ሲባል ግን አንድ ነገር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በአሮጌው የስልክ መዳብ ሽቦ፣ ማለት በኤዲኤስኤል፣ የሚገባለት ቤት አለ። የዚህ መሥመር ዋናው ነገር ርቀት ነው። የተሻሻለው ዓይነት ከስልክ ጣቢያው አጠገብ ላለ ቤት በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት መስጠት ይችላል፤ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ለራቀው ግን ጥቂቱ ብቻ ይደርሰዋል። ክረምት ገብቶ የሽቦው መገጣጠሚያ ውኃ ሲገባበት ስልኩ ይንኳኳል፣ ኢንተርኔቱም ያነክሳል። ከዚህም በላይ መሥመሩ ለመቀበል እንጂ ለመላክ የተሠራ አይደለም። ወደ ቤት የሚገባው ሰፊ ሲሆን ከቤት የሚወጣው ከአንድ ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። መሐንዲሶቹ የቤት ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል ብለው ነው፤ ስለ ቤት ሰው ልክ ነበሩ። ተማሪ ግን ላኪ ነው። 100 ሜጋ ባይት የሆነ የቡድን ሥራ በአንድ ሜጋ ቢት መሥመር ሲላክ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

በነገራችን ላይ ቢትና ባይትን የሚያምታታው ሰው ብዛት ያስገርማል። የኢንጂነሪንግ ልጆች እንኳ ሲሳሳቱ ሰምተናል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «10 ሜጋ» የተባለውን መሥመር የገዛ ሰው በሰከንድ 10 ሜጋ ባይት አይደርሰውም፤ መሥመሩ ሙሉውን ቢሰጠው የሚደርሰው 1 ነጥብ 25 ሜጋ ባይት ነው። ማስታወቂያው ስለዚህ ዝም ማለቱ ውሸት አይደለም፤ እውነቱን ማስረዳትም አይደለም።

ሁለተኛው ቤት ፋይበር የገባለት ነው። ይህ በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን የሚላክበት ስለሆነ ዝናቡም፣ በከተማ ውስጥ ያለው ርቀትም ያን ያህል አይጎዳውም። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ግን ይህም መሥመር የጋራ መሆኑን ነው። በተለመደው አሠራር ከጣቢያው የሚነሣው አንድ ክር ሰፈር ሲደርስ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። በክሩ ወደ ቤቶቹ የሚመጣው በሰከንድ 2 ነጥብ 5 ጊጋ ቢት ያህል ነው። 32ቱ ቤቶች ሁሉ በአንዲት ሰከንድ እኩል ቢስቡ እንኳ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል። በእርግጥ ሰው የሚያገኘው የከፈለበትን ልክ ነው፤ ሆኖም የከፈለበትን የሚነጥቀው ጎረቤት የለበትም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ቤት የብዙዎቻችን ቤት ነው። ሽቦም ፋይበርም የሌለው፣ ያለው የእጅ ስልክ ብቻ የሆነ ቤት። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አምስተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ ለሙከራ ሲከፈት፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ድርጅት ሆኖ ሥራ ሲጀምር የከተማው ልጅ ምርጫ በዛለት። በገጠር ያለችው እኅታችን ግን አንድ ማማ ከነቀበሌው ተካፍላ፣ ያውም መብራት ሲኖር ስልኳን ሞልታ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ታይቷል። ተማሪው ወደየቤቱ ተበተነ፤ አንዱ ፋይበር ካለበት ቤት ገባ፣ ሌላው ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታ ከሚወጣበት መንደር ገባ። ለሁለቱም የተላከው ፋይል ግን አንድ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል የአገሩ ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም እኩል ሆኑ፤ እንዲህ ያለውን እኩልነት የሚመኝ ግን የለም።

ግቢ ይህን ልዩነት ማጥበብ ነበረበት። ከየትም ቤት የመጣ ተማሪ በአንድ ግቢ ሲኖር አንድ መጽሐፍ ቤት፣ አንድ ገበታ፣ አንድ መሥመር ያገኛል ብለን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ወደ ግቢያችን የሚገባው መሥመር ቀጭን ነው ብለን አናማርርም፤ ፋይበር ነው፣ ከማንኛችንም ቤት የሰፋ ነው። አንድ ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ ቢሞክረው እንደ ንሥር ሲበር ያገኘዋል። የሚታመመው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጊጋ ቢት የሚያህል መሥመር 5 ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢስበው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 200 ኪሎ ቢት ነው፤ ፋይበር ካለበት ቤት 78 ሜጋ ቢት ጋር ሲነጻጸር ሦስት መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ ለምሳሌ የተነሣ ቁጥር ነው እንጂ የግቢያችን ነው አላልንም። የግቢያችን ቁጥር ለተማሪ ተነግሮ አያውቅምና።

ከዚያ ቀጥሎ የዋይፋዩ ጣጣ ይመጣል። ዋይፋይ በአየር የሚሄድ ስለሆነ በአንድ መሣሪያ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ የሚናገሩት ተራ በተራ ነው። መቶ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይበል ቢባል ጉባኤው መቼ ያልቃል? በተለመደው 2 ነጥብ 4 ጊጋ ኸርዝ ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይረባበሹ መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ በወፍራም ግድግዳ መካከል፣ በየኮሪደሩ አንድ ሣጥን ሰቅሎ «ኢንተርኔት አስገብተናል» ማለት አንድ ቧንቧ ለአንድ ከተማ ተክሎ ውኃ አስገባሁ እንደ ማለት ነው። በኮምፒዩተር ክፍሉ በኬብል የተያያዙት መኪናዎች ከዚያው መሥመር እየተካፈሉ በጣም የተሻሉ የሆኑት ስለዚህ ነው፤ ክፍሉ ግን በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

የዚህ ዋጋ በማርክ ይከፈላል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛችን ሥራውን ጨርሶ መላክ የጀመረው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። በሩ የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፋይሉ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ ተቋረጠ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ፤ እንደገና ተቋረጠ። በስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ተሳካለት። ከመቶ ሃያ የሚያዝበት ሥራ በዜሮ ተመዘገበ። መምህሩ «ለምን ቀደም ብለህ አልላክህም?» አሉት፤ ጥያቄው ያለ ፍርድ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ሺህ ተማሪ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር እንዲወጣ ያዘዘውስ ማን ነው? ያው ሥራ ከቤት መሥመር ሲላክ ሁለት ደቂቃ ያልፈጀበት ተማሪ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ልኮ ሙሉ ማርኩን አግኝቷል። የተፈተነው ትምህርቱ ነበር ወይስ ሰፈሩ?

ከአስተዳደሩ በኩል ሁልጊዜ የሚሰጠን መልስ «ተማሪው ፊልምና ኳስ እያየ መሥመሩን ጨረሰው» የሚል ነው። ይህን ፈጽመን አንክድም። ምሽቱን ሙሉ ተከታታይ ፊልም የሚያወርድ ወንድም በየብሎኩ አለ፤ ለእርሱም የምንለው አለን፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ይሁንልህ። ነገር ግን የመሥመሩን ብክነት የምናስከትለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ትምህርቱ ራሱ የሚሰጥበት መንገድም ነው።

አንድ መምህር 500 ሜጋ ባይት የሚሆን ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል እንበል። ከቢሮው እስከ መኝታ ቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ፋይሉ ግን ከግቢ ወጥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ በባሕር ውስጥ ገመድ ባሕር ማዶ ከሚገኝ መጋዘን ይገባል። ከዚያም ሦስት መቶ ተማሪ ሦስት መቶ ጊዜ ያንኑ መንገድ መልሶ ይጎትተዋል። ሦስት መቶ ጊዜ 500 ሜጋ ባይት 150 ጊጋ ባይት ነው። የአንድ ጊጋ ቢት መሥመር ሌላ ሥራ ሁሉ አቁሞ ይህን ብቻ ቢያስገባ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የ100 ሜጋ ቢት መሥመር ከሆነ ከሦስት ሰዓት በላይ። ይህ የአንድ መምህር የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። የሌሎቹን መምህራን አንባቢ ይደምርበት።

ያው ፋይል በግቢው ውስጥ በሚገኝ አንድ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ግን በውጭው መሥመር የሚያልፈው ምንም ነው። በሕንፃዎቻችን መካከል የተዘረጋው ፋይበር የግቢው ንብረት ነው፤ ማንም በወር አያስከፍለንም፤ ምሽትም አይጨናነቅም። ለሰርቨር የሚሆን ኮምፒዩተር የለም እንዳይባል፣ ካርቶናቸው ሳይከፈት በመጋዘን የተደረደሩትን ሁላችንም አይተናል። መላው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ተጠቅልሎ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በአንድ ተራ ዲስክ ላይ ይገባል። አንድ ጊዜ በሌሊት አውርዶ ለሁሉ ማካፈል ይቻላል። ደግሞስ ሁሉ ነገር ቪዲዮ መሆን አለበትን? የአንድ ሰዓት ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ ለንግግር በሚበቃው በ32 ኪሎ ቢት ቢቀዳ ከ15 ሜጋ ባይት አይበልጥም። የመምህራኖቻችንን ፊት ማየት ደስ ይለናል፤ ጧት ጧት በክፍል እናየዋለን።

«ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋስ?» ይባላል። የኮምፒዩተር ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ተራ ገብተው ሊጠብቁ እንደሚችሉ ለማኅበራችን በቃል ነግረውናል። መብራቱ ሲጠፋማ የውጭውም መሥመር አብሮ ይጠፋል።

«ፓኬጅ ግዙ» የሚሉንም አሉ። እንገዛለን። ከቤት በየወሩ ከሚላክልን ላይ ለፎቶ ኮፒና ለሳሙና ከምናስቀምጠው እየቀነስን እንገዛለን። የሚገርመው ግን ግቢው በጅምላ የከፈለበትን ነገር ተማሪው በችርቻሮ ሁለተኛ ጊዜ መክፈሉ ነው፤ ይህንንም የሚከፍለው ቤቱ ፋይበር ያለው ሳይሆን ቤቱ ምንም የሌለው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር አይደለም። ግቢው የሚከፍልበት መሥመር ስንት ሜጋ ቢት እንደ ሆነ፣ በየሰዓቱም ስንት እንደሚሳብ የሚያሳየው ሥዕል በየሳምንቱ በምግብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ፣ ከምግብ ዝርዝሩ አጠገብ ይለጠፍ። ሥዕሉ በአስተዳደሩ መሣሪያ ውስጥ በየዕለቱ ራሱን ይሥላል፤ የሚያስፈልገው ወረቀትና መርፌ ቁልፍ ነው። የትምህርቱ ፋይሎች በግቢው ውስጥ ይቀመጡ። የማስረከቢያው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ወደ ቀትር ይዛወር፤ የኮምፒዩተር ክፍሉም እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይከፈት። የጓደኛችንም ሃያ ማርክ ዲኑ እንደገና እንዲያዩት ማኅበሩ ደብዳቤ ጽፏል።

ይህን ጽሑፍ ያየ የአስተዳደር አባል መልስ ቢጽፍልን ሳንቆርጥና ሳንቀጥል በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። በወረቀት ይላክልን፤ በኢሜይል ከሆነ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት።